የጠፉና የተረሱ ኮንቸርቶዎች፦ የካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ ሕይወትና የሃርፕሲኮርድ ሥራዎቹ ዕጣ

መግቢያ

የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ ታሪክ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ዘመኑን አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ከፍለው ያቀርቡታል። የባሮክ ዘመን ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በሞተበት በ1750 ይዘጋል፤ የክላሲካሉ ዘመን ደግሞ የሃይድንና የሞዛርት ሥራዎች በጎለመሱባቸው በ1770ዎቹና በ1780ዎቹ በስፋት ይተረካል። በሁለቱ መካከል የሚገኙት ዓመታት የሽግግር ዘመን የሚል ስያሜ ተሰጥቷቸው በጥቂት ገጾች ይታለፋሉ። በእነዚያ ገጾች ውስጥ ስሙ የማይቀር አንድ ሰው አለ። እርሱም የዮሐን ሴባስቲያን ልጅ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ ነው። ይህ ሰው በሃምሳ አምስት ዓመታት ውስጥ 52 ኮንቸርቶዎችን ለሃርፕሲኮርድና ለመሰል የቁልፍ መሣሪያዎች ደርሷል። ሆኖም ከሞተ በኋላ ለአንድ ክፍለ ዘመን ተኩል ያህል ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ በአደባባይ አልተሰሙም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የኢማኑኤልን ሕይወት በአጭሩ እየተረከ ኮንቸርቶዎቹ ለምን ከመድረክ እንደራቁና እንዴት እንደተመለሱ ማስረዳት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ነጥብ መጥፋትና መረሳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። አንድ ሥራ ጠፋ የሚባለው ወረቀቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ተረሳ የሚባለው ደግሞ ወረቀቱ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ በዝርዝርም ተመዝግቦ እያለ የሚከፍተው ሲያጣ ነው። በኢማኑኤል ባኽ ሥራዎች ላይ ሁለቱም ደርሰዋል፤ ኮንቸርቶዎቹን ይበልጥ የጎዳው ግን ሁለተኛው ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአባት ቤት እስከ ሕግ ትምህርት (1714–1738)

ኢማኑኤል መጋቢት 8 ቀን 1714 በጀርመን ምድር በቫይማር ከተማ ተወለደ። የክርስትና አባቱ በዘመኑ እጅግ ስመ ጥር የነበረው የሙዚቃ ደራሲ ጌኦርግ ፊሊፕ ቴሌማን ነበር። በ1717 አባቱ በኮተን ቤተ መንግሥት ሥራ ስላገኘ ቤተሰቡ ወደዚያ ተዛወረ። እናቱ ማሪያ ባርባራ በ1720 ስትሞት ልጁ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር። በ1723 አባቱ የላይፕዚግ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዘምራን መሪ ሆኖ ሲሾም ኢማኑኤልም በዚያው ትምህርት ቤት ገባ። በድርሰትም ሆነ በቁልፍ መሣሪያዎች ጨዋታ ከአባቱ በቀር ሌላ መምህር አልነበረውም።

ለኮንቸርቶዎቹ ታሪክ የላይፕዚግ ዓመታት ልዩ ትርጉም አላቸው። ሃርፕሲኮርድ ቁልፉ ሲጫን በውስጡ ያለ የላባ ስንጥር ክሩን እየቆነጠረ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ በኦርኬስትራ ውስጥ የነበረው ድርሻ በአመዛኙ ማጀብ ነበር፤ ብቸኛ ተጫዋች ሆኖ በኦርኬስትራ ፊት የሚቆመው ቫዮሊን ወይም ሌላ ዜማ ነጣቂ መሣሪያ ነው። ዮሐን ሴባስቲያን ከ1729 ጀምሮ በላይፕዚግ ይመራው በነበረው የተማሪዎችና የባለሙያዎች የሙዚቃ ማኅበር ውስጥ የቫዮሊን ኮንቸርቶዎቹን ወደ ሃርፕሲኮርድ እየለወጠ አቀረበ። በዚህም አጃቢው መሣሪያ ወደ ፊት ወጣ። ኢማኑኤል ይህ አዲስ ዘርፍ ሲወለድ በቤቱ ውስጥ የነበረ ወጣት ነው። የመጀመሪያውን የሃርፕሲኮርድ ኮንቸርቶውን በኤ ማይነር የጻፈው በ1733 በዚያው በላይፕዚግ ሲሆን ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነበር።

ከ1731 ጀምሮ ኢማኑኤል በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማር ነበር፤ በ1734 ትምህርቱን ለመቀጠል በኦደር ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ፍራንክፈርት ሄደ። በዚያ ዘመን የሕግ ትምህርት ለሙዚቀኛ ልጅ ማኅበራዊ ክብርን የሚያስገኝ መንገድ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያልነበረው አባቱም ለልጆቹ ይህን ይመኝ ነበር። ኢማኑኤል ግን በፍራንክፈርት የሚታወቀው በሙዚቃ መሪነቱና በአስተማሪነቱ ነበር። በ1738 የፕሩሲያው አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ ወደ አገልግሎቱ ሲጠራው የሕግ ሙያ በዚያው ቀረ።

በንጉሥ አገልግሎት (1738–1768)

ፍሬድሪክ በ1740 ሲነግሥ ኢማኑኤል የቤተ መንግሥቱ ሃርፕሲኮርድ ተጫዋች ሆነ። ንጉሡ ራሱ ዋሽንት የሚጫወት ሰው ነበር፤ በሰላም ጊዜ በአብዛኛዎቹ ምሽቶች በፖትስዳም ከሙዚቀኞቹ ጋር ኮንቸርቶ ይጫወት ነበር። የሚጫወተውም በአመዛኙ የዋሽንት መምህሩ ዮሐን ዮአኪም ክቫንትስ የደረሰውንና የራሱን ሥራዎች ነው። የኢማኑኤል ሥራ ከሃርፕሲኮርዱ ኋላ ተቀምጦ ማጀብ ነበር። የደመወዝ መዝገቡ በቤተ መንግሥቱ ማን ምን ያህል ይከበር እንደነበር በግልጽ ያሳያል። ክቫንትስ በዓመት 2000 ታለር ሲከፈለው ኢማኑኤል ሲቀጠር የተወሰነለት 300 ታለር ነበር፤ በ1755 ከብዙ ማመልከቻ በኋላ ወደ 500 ከፍ አለለት።

ስለዚህ በበርሊንና በፖትስዳም የጻፋቸው 38 ያህል ኮንቸርቶዎች በዋናነት ለንጉሡ ምሽቶች የተዘጋጁ አልነበሩም። ይህ ነጥብ ለኋላው ዕጣቸው ወሳኝ ነው። አብዛኞቹ የተሰሙት በበርሊን ባለጸጎች ቤቶችና በከተማዋ የሙዚቃ ማኅበራት ስብሰባዎች ነው። ከኋላቸው የሚያሳትማቸውና የሚጠብቃቸው የቤተ መንግሥት ደጋፊ አልነበራቸውም። በአንጻሩ የባለቤትነት ሥልጣኑ በደራሲው እጅ ቀረ። ኢማኑኤል የእጅ ጽሑፎቹን በቤቱ እያስቀመጠ ለሚያምናቸው ሰዎች ብቻ እንዲገለበጡ ይፈቅድ ነበር። ብዙዎቹንም ዓመታት ካለፉ በኋላ መልሶ ያርማቸው ነበር፤ ለምሳሌ በ1733 የተጻፈው የመጀመሪያው ኮንቸርቶ በ1744 ታድሷል።

በነዚህ ዓመታት የቤተሰብ ሕይወቱም ተመሠረተ። በ1744 ዮሐና ማሪያ ዳነማንን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። በ1742ና በ1744 በታተሙት ሁለት የሶናታ ስብስቦች ስሙ በጀርመን አገሮች ሁሉ ተሰማ። በ1747 አባቱ ወደ ፖትስዳም መጥቶ በንጉሡ ፊት ተጫወተ። በ1750 አባቱ ሲሞት የአሥራ አራት ዓመቱ ታናሽ ወንድሙ ዮሐን ክርስቲያን ወደ በርሊን መጥቶ በእርሱ ቤት ተማረ። ይህ ልጅ በኋላ በለንደን ዝናን አትርፎ የሕፃኑ ሞዛርት አርአያ ለመሆን በቅቷል። ኢማኑኤል በ1750ና በ1755 በላይፕዚግ የአባቱን ሥራ ለማግኘት አመልክቶ ሁለቴም አልተሳካለትም።

በ1753 በቁልፍ መሣሪያዎች ትክክለኛ አጨዋወት ላይ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል አሳተመ፤ ሁለተኛው ክፍል በ1762 ወጣ። መጽሐፉ የጣቶችን አቀማመጥ፣ የአውራ ጣትን አጠቃቀም፣ የዜማ ጌጣጌጦችን አሠራር፣ የማጀብንና ያለ ኖታ ፈጥሮ የመጫወትን ጥበብ በሥርዓት ያስተምራል። ሃይድንና ቤትሆቨን ተጠቅመውበታል፤ ዛሬም የዚያን ዘመን አጨዋወት ለሚያጠኑ ሰዎች ዋነኛ ምንጭ ነው። የኮንቸርቶዎቹ ታሪክ እንግዳ ገጽታ ከዚህ ይጀምራል፤ መጽሐፉ ሳይዘነጋ ሲኖር መጽሐፉ እንዴት መጫወት እንዳለበት የሚያስረዳው ሙዚቃ ግን ተዘነጋ።

የኮንቸርቶዎቹ አሠራር

ኢማኑኤል ከአባቱ የወረሰው የኮንቸርቶ ቅርጽ በሪቶርኔሎ ላይ የተመሠረተ ነው። ሪቶርኔሎ መላው ኦርኬስትራ ክፍሉን ሲከፍት የሚያሰማውና በየመካከሉ በተለያየ ቃና እየተመለሰ የሚደገም ሐሳብ ነው፤ በድግግሞሾቹ መካከል ብቸኛው ተጫዋች የራሱን ንግግር ያቀርባል። በኢማኑኤል ኮንቸርቶዎች የመጀመሪያ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ኦርኬስትራው አራት ጊዜ ሲመለስ ብቸኛው ተጫዋች ሦስት ጊዜ ይገባል። ወደ ውስጥ ሲታይ ግን አዲስ አስተሳሰብ አለ። የመጀመሪያው የሶሎ ክፍል ከመነሻ ቃናው ርቆ ወደ ሌላ ቃና ይጓዛል፤ ሁለተኛው በሩቅ ቃናዎች ይዘዋወራል፤ ሦስተኛው ወደ መነሻው ተመልሶ የሰማነውን በአዲስ መልክ ያስታውሳል። ይህ ጉዞ በኋላ የክላሲካል ሶናታ ቅርጽ ተብሎ ከታወቀው አካሄድ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል።

ከቅርጹ ይልቅ አድማጩን የሚይዘው ግን የስሜቱ አካሄድ ነው። በባሮክ ልማድ አንድ ክፍል አንድ ስሜትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞ ይዘልቃል። ኢማኑኤል በአንጻሩ በአንድ ገጽ ውስጥ ቁጣን፣ ዝምታን፣ ማመንታትንና ልመናን ያፈራርቃል። በ1748 የተጻፈው የዲ ማይነር ኮንቸርቶ ሲከፈት የክር መሣሪያዎቹ ዜማ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ድምፅ በሹል ዝላዮች ይወረወራል፤ ሃርፕሲኮርዱ ሲገባ ያንን ኃይል ተቀብሎ ይከራከረዋል እንጂ አያስተጋባውም። በ1753 የተጻፈው የሲ ማይነር ኮንቸርቶ ደግሞ በዘገምተኛው ክፍሉ ሃርፕሲኮርዱ የኦፔራ ዘፋኝ ቃላትን እንደሚናገር ያህል በነጻ ምት እያዜመ ከክር መሣሪያዎቹ ጋር የሚነጋገርበት ነው። ኢማኑኤል ይህን ሥራ ከምርጦቹ መካከል ይቆጥረው ነበር።

ሃርፕሲኮርድ የጣት ብርታት ቢለዋወጥም የድምፁ ጉልበት ብዙም የማይለወጥ መሣሪያ ነው። ድንገተኛ የስሜት ለውጥን በእንዲህ ያለ መሣሪያ ማሰማት ከባድ ነው። ኢማኑኤል መፍትሔውን በአጻጻፉ ውስጥ አገኘ። የድምፆችን ቁጥር በማብዛትና በመቀነስ፣ በዕረፍት፣ በቃና ድንገተኛ ለውጥ፣ ኦርኬስትራውን በማቋረጥና በማስቀጠል መሣሪያው ያልነበረውን ጥላና ብርሃን ሰጠው። ስለዚህ እነዚህን ሥራዎች ለዘመናዊው ፒያኖ እንደተጻፉ ቆጥሮ መጫወት ደራሲው የፈታውን ችግር ከዓይን ይሰውረዋል።

ሦስት ኮንቸርቶዎች፣ ማለትም የ1750ው በኤ ማይነር፣ የ1751ው በቢ ፍላት ሜጀርና የ1753ው በኤ ሜጀር፣ እያንዳንዳቸው በሦስት መልክ ይገኛሉ፤ ለሃርፕሲኮርድ፣ ለዋሽንትና ለቼሎ። ዛሬ በመድረክ በብዛት የሚሰሙት በቼሎና በዋሽንት መልካቸው ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል እውነታ ለጥናታችን ጠቃሚ ምስክር ነው። ሙዚቃው የአድማጭን ፍቅር የማግኘት ብቃት ኖሮት ሳለ ሃርፕሲኮርድ የተባለው መሣሪያ ራሱ ከመድረክ በመውረዱ የመሰማት ዕድል እንደተነፈገው ያሳያል።

የሃምቡርግ ዓመታት (1768–1788)

የሰባት ዓመቱ ጦርነት ከ1756 እስከ 1763 ሲካሄድ ንጉሡ በጦር ሜዳ ስለነበረ የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ ተዳከመ። በ1767 የክርስትና አባቱ ቴሌማን በሃምቡርግ ሲሞት ኢማኑኤል ለቦታው ተመረጠ፤ ንጉሡም እያመነታ አሰናበተው። የንጉሡ እኅት ልዕልት አና አማሊያ የክብር ማዕረግ ሰጥታ ሸኘችው። በ1768 በሃምቡርግ የከተማዋ አምስት ዋና ዋና አብያተ ክርስቲያናት የሙዚቃ ኃላፊና የከተማዋ ትምህርት ቤት የመዘምራን መሪ ሆነ።

ሃምቡርግ የነጋዴዎች ከተማ ነበረች፤ ኢማኑኤልም በዚያ የራሱን ሥራ ራሱ የሚሸጥ ሰው ሆነ። ከመታተማቸው አስቀድሞ ገዢዎችን በስም እያስመዘገበ ሥራዎቹን ያሳትም ነበር። በ1772 በዚህ መንገድ ስድስት የሃርፕሲኮርድ ኮንቸርቶዎችን አወጣ። እነዚህ ሥራዎች ለሰፊው ገዢ ታስበው ከበርሊኖቹ ቀለል ያሉ ናቸው፤ ተጫዋቹ በራሱ ፈጠራ ይሞላው የነበረው ካዴንዛ እንኳ በኖታ ተጽፎ ቀርቧል። ይሁንና ደራሲው ለገበያ ሲል ምናቡን አልቆጠበም። በሲ ማይነር የተጻፈው አራተኛው ኮንቸርቶ በልማዱ ሦስት መሆን የነበረባቸውን ክፍሎች አራት አድርጎ ያለ ማቋረጥ ያያይዛቸዋል፤ በመጨረሻም የመነሻው ሙዚቃ ተመልሶ ይመጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮንቸርቶን ክፍሎች አያይዞ መጻፍ እንደ አዲስ ነገር ሲታይ ይህ ሥራ ከብዙ ዓመታት በፊት ታትሞ ነበር።

በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ ሃምቡርግ መጥቶ ጎበኘው፤ አጨዋወቱንም በመጽሐፉ ለአውሮፓ አንባቢዎች አስተዋወቀ። ገጣሚው ክሎፕሽቶክና ሌሲንግ ከወዳጆቹ ነበሩ። ሞዛርት በ1788 የኢማኑኤልን ታላቅ የትንሣኤና የዕርገት ኦራቶሪዮ በቪየና መርቷል። በዚያው በ1788፣ በሰባ አራት ዓመቱ፣ ኢማኑኤል የመጨረሻ ኮንቸርቶውን ጻፈ። ይህ በኢ ፍላት ሜጀር የተጻፈ ሥራ ሁለት ብቸኛ መሣሪያዎች አሉት፤ አንዱ ሃርፕሲኮርድ፣ ሌላው በዘመኑ እየገነነ የመጣው ፎርቴፒያኖ ነው። ተሰናባቹና ተተኪው መሣሪያ በአንድ መድረክ ላይ በእኩልነት ሐሳብ ይቀባበላሉ። ደራሲው ታኅሣሥ 14 ቀን 1788 ሞቶ በሃምቡርግ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከሞቱ በኋላ የወረቀቶቹ ጉዞ

ኢማኑኤል የቤተሰቡ መዝገብ ጠባቂ ነበር። አባቱ ሲሞት የእጅ ጽሑፎቹ በልጆቹ ተከፋፈሉ፤ ታላቅ ወንድሙ ቪልሄልም ፍሪዴማን ድርሻውን በችግር ምክንያት ሲበትን ኢማኑኤል ግን የራሱን በጥንቃቄ ጠበቀ። የአያቶቹንና የቅድመ አያቶቹን ሥራዎች ሳይቀር አሰባሰበ። በ1786 የአባቱን የቢ ማይነር ቅዳሴ የጸሎተ ሃይማኖት ክፍል በሃምቡርግ አሰማ። በራሱ ሥራዎች ላይ ግን ጨካኝ መራጭ ነበር፤ በእርጅናው ብዙ የወጣትነት ድርሰቶቹን አቃጥሏል።

በ1790 ባለቤቱ የተወውን ንብረት ዝርዝር አሳተመች። ይህ ዝርዝር ኮንቸርቶዎቹን በተራ ቁጥር፣ በተጻፉበት ዓመትና ከተማ፣ በሚያስፈልጓቸው መሣሪያዎች እየለየ ይመዘግባል። ዛሬ ስለ 52ቱ ኮንቸርቶዎች የዘመን ቅደም ተከተል የምናውቀው በአመዛኙ በዚህ ሰነድ ነው። በሕይወቱ ሳለ በራሱ ፈቃድ ታትመው የወጡት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱ ለየብቻ፣ ስድስቱ በ1772 በአንድነት። የቀሩት ከአርባ በላይ ሥራዎች የሚገኙት በእጅ ቅጂ ብቻ ስለነበረ ዕጣቸው ወረቀቱን በያዘው ሰው እጅ ነበር። ባለቤቱና ከእርሷ በኋላ ልጁ አና ካሮሊና ፊሊፒና ለፈላጊዎች ቅጂ እያስገለበጡ ይሸጡ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወረቀቶቹ በሦስት መንገድ ተጓዙ። የመጀመሪያው የሽቬሪን ከተማ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ቬስትፋል ያሰባሰበው ስብስብ ነው። ቬስትፋል ከደራሲውና ከቤተሰቡ ጋር እየተጻጻፈ ሁሉንም ሥራዎች ለማሟላት ጥሯል፤ ስብስቡ በኋላ ብራስልስ በሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ገባ። ሁለተኛው ሰብሳቢው ጌኦርግ ፖልኻው የያዘው ሲሆን በ1841 ወደ በርሊን የንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ተዛወረ። ሦስተኛው በበርሊን በ1791 የኢማኑኤል የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ፋሽ የመሠረተው ዚንግ አካዴሚ የተባለ የመዘምራን ማኅበር ነው። የፍሪዴማን ተማሪ የነበረችውና የኢማኑኤልን ቤተሰብ የደገፈችው ሃርፕሲኮርድ ተጫዋች ሣራ ሌቪ የነበራትን ሰፊ የኖታ ስብስብ ለዚህ ማኅበር ሰጥታለች። እርሷ ለዮሐን ሴባስቲያን ሥራዎች መነሣት ስመ ጥር የሆነው የፌሊክስ ሜንደልስዞን የአያት እኅት ነበረች።

ጠፍቶ መገኘትና ተረስቶ መታወስ

የዚንግ አካዴሚ ስብስብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቦምብ ድብደባ ለማዳን በ1943 ወደ ሲሌዥያ፣ ኡለርስዶርፍ ወደተባለ ግንብ ተወሰደ። ጦርነቱ ሲያበቃ የሶቪየት ሠራዊት ወደ ኪየቭ አጓጓዘው፤ በምዕራቡ ዓለም ግን እንደጠፋ ተቆጠረ። ለሃምሳ ዓመታት ያህል በኪየቭ መጀመሪያ በሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ከ1973 ወዲህ ደግሞ በሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ቆየ። በ1999 የባኽ ሊቅ የሆነው ክሪስቶፍ ቮልፍ፣ የተዘረፉ መዛግብትን ዕጣ ከምታጠናው ፓትሪሻ ኬኔዲ ግሪምስተድና ከዩክሬናዊው የቤተ መዛግብት ባለሙያ ሄናዲ ቦርያክ ጋር በመሆን ስብስቡን ለየው። ከ5000 በላይ ሰነዶችን የያዘው ይህ ስብስብ በ2001 ወደ በርሊን ተመለሰ። በውስጡም ኢማኑኤል ለሃምቡርግ አብያተ ክርስቲያናት ያዘጋጃቸው የሕማማት ሙዚቃዎች፣ ቤተሰቡ የጠበቀው የቅድመ አያቶች ስብስብና በርካታ የኮንቸርቶ ቅጂዎች ተገኝተዋል።

ይህ ታሪክ ልብን የሚስብ በመሆኑ የኮንቸርቶዎቹ መመለስ ሁሉ በኪየቩ ግኝት እንደመጣ አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነው። የዘመኑ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። በብራስልስ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበረው አልፍሬድ ዎትኬን የኢማኑኤልን ሥራዎች ዝርዝር ከነመነሻ ዜማዎቻቸው ያሳተመው በ1905 ነበር። ኮንቸርቶዎቹ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው በግልጽ ይታያሉ፤ ዛሬም በዚያ ቁጥር ይጠራሉ። ወረቀቶቹም በብራስልስና በበርሊን ለአንባቢ ክፍት ነበሩ። በ1989 ዩጂን ሄልም አዲስና የተስፋፋ ዝርዝር አሳተመ። ሃንጋሪያዊው ተጫዋች ሚክሎሽ ሽፓኒም የደራሲውን የቁልፍ መሣሪያ ኮንቸርቶዎች በሙሉ መቅረጽ የጀመረው የኪየቩ ስብስብ ከመለየቱ በፊት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሃያኛው ጥራዝ በ2014 ሲወጣ ሥራው ተጠናቀቀ። እንግዲህ አብዛኞቹ ኮንቸርቶዎች የጠፉ አልነበሩም፤ የተረሱ ነበሩ።

ለመረሳታቸው ሦስት ምክንያቶች ተደጋግፈዋል። አንደኛው የመሣሪያው ነው፤ ሃርፕሲኮርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመድረክ ወርዶ እንደ ቫንዳ ላንዶቭስካ ያሉ ተጫዋቾች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስኪያነሡት ድረስ የሚጫወተው ጠፋ። ሁለተኛው የአባት ጥላ ነው። በኢማኑኤል ዘመን ታላቁ ባኽ ሲባል በብዙ ሰዎች ዘንድ የሚታሰበው እርሱ ነበር። የዮሐን ሴባስቲያን የማቴዎስ ሕማማት በ1829 ዳግም ከተሰማ በኋላ ግን ሚዛኑ ተገለበጠ፤ ሮበርት ሹማንን የመሰሉ ሰዎች ልጁን ከአባቱ ጋር እያነጻጸሩ ዝቅ አደረጉት። ሦስተኛውና ረጅም ዕድሜ ያለው ምክንያት በመግቢያው የተጠቀሰው ስያሜ ነው። አንድን ሥራ የሽግግር ብሎ መሰየም ዋጋውን ከራሱ ውጭ ማስቀመጥ ነው። ድልድይን ሰው የሚሻገርበት እንጂ የሚኖርበት አይደለም እንደሚባለው፣ በዚህ ስያሜ የቀረበ ሙዚቃ ወደ ሞዛርት ማለፊያ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ለራሱ ሲባል አይከፈትም።

ኢማኑኤል ራሱ በሁለት ዘመናት መካከል እንደቆመ አያውቅም ነበር። በ1748 የዲ ማይነሩን ኮንቸርቶ ሲጽፍ ሞዛርት አልተወለደም፤ አባቱም በሕይወት ነበር። ሊሻገር የሚችልበት ማዶ ገና አልነበረም። በሥራዎቹ ውስጥ የሪቶርኔሎ ቅርጽና አዲሱ የስሜት ንግግር አብረው የተገኙት አንዱ እየሞተ ሌላው እየተወለደ ስለነበረ ሳይሆን ደራሲው ሁለቱንም ስለፈለጋቸው ነው። ለዚህም ማስረጃው ከ1733 እስከ 1788 ባሉት ኮንቸርቶዎች ውስጥ ሪቶርኔሎን ጨርሶ አለመተዉ ነው።

ማጠቃለያ

የካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ ሕይወት ከላይፕዚግ የአባት ቤት፣ በፖትስዳም የንጉሥ ምሽቶች በኩል አልፎ እስከ ሃምቡርግ የነጋዴዎች ከተማ የደረሰ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ያልተለየው የሃርፕሲኮርድ ኮንቸርቶ ነበር። የሥራዎቹ ኋለኛ ዕጣ ለታሪክ ተመራማሪ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው የመዝገብን ዋጋ ይመለከታል፤ በ1790 በአንዲት መበለት የታተመ ዝርዝር ባይኖር ኖሮ በኪየቭ የተገኙትንም ሆነ በብራስልስ የቆዩትን ወረቀቶች በዘመን ለይቶ ማስቀመጥ እጅግ ያዳግት ነበር። ሁለተኛው የስያሜን ኃይል ይመለከታል። በዝርዝር ውስጥ ቁጥር የተሰጠው፣ በቤተ መጻሕፍት በንጽሕና የተቀመጠ ሥራ የማይነበብ ከሆነ ችግሩ ከመደርደሪያው ሳይሆን ከሚያስተምረው መጽሐፍ ሊመነጭ ይችላል።

ከ2005 ጀምሮ በመውጣት ላይ ያለው የደራሲው ሙሉ ሥራዎች አዲስ እትም የኪየቩንም፣ የብራስልሱንም፣ የበርሊኑንም ምንጮች አገናዝቦ ኮንቸርቶዎቹን ለተጫዋቾችና ለተመራማሪዎች ክፍት አድርጓል። ስለዚህ ቀሪው ሥራ የታሪክ ጸሐፊዎችና የመምህራን ነው። በ1750 እና በ1780 መካከል ያሉትን ዓመታት ሲያስተምሩ ሥራዎቹ ወደ ማን እንዳደረሱ ከመጠየቃቸው በፊት በራሳቸው ምን እንደሆኑ ማስጠናት ይኖርባቸዋል። ለዚህም በ1748 የተጻፈው የዲ ማይነር፣ በ1753 የተጻፈው የሲ ማይነርና በ1788 የተጻፈው የሁለት መሣሪያዎች ኮንቸርቶ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።